አንድ ዓይን፣ ሁለት ዓይን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ከሐዋሳ የተላኩ ሲሆኑ፣ ሦስቱም በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚያጠነጥኑ ሆነው ስላገኘናቸው አምዱን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ጉዳዩ በአውሮፓ የሬኔሳንስ ዘመን፣ በተለይም በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ የተሠራው የሰው መልክ ሥዕል፣ ሠዓሊዎቻችን በተለምዶ ፖርትሬት የሚሉት ነው። ሬኔሳንስን በአማርኛ «ህዳሴ» ማለት የተለመደ ቢሆንም፣ ቃሉ ዛሬ ለብዙ አንባቢ ከሥዕል ይልቅ ግድብን ስለሚያስታውስ በተውሶው ቃል መጠቀምን መርጠናል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ በሐዋሳ ከተማ በአንድ ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ በዚህ መንፈቅ ዓመት የሥነ ጥበብ ታሪክ ትምህርት እየወሰድኩ ነው። ባለፈው ሳምንት መምህራችን የኢጣሊያ መሳፍንትንና እመቤቶችን ሥዕሎች በፕሮጀክተር ሲያሳዩን፣ አብዛኞቹ በጎን የተሳሉና አንድ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ ነበሩ። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ ስለሆንኩ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ይሁዳ፣ ሰይጣን ወይም ቅዱሳንን የሚያሠቃይ ወታደር እንደሆነ፣ ጻድቃን ግን በሁለት ዓይናቸው እንደሚያዩን አውቃለሁ። ስለዚህ እጄን አውጥቼ «እነዚህ ሰዎች ክፉዎች ነበሩ እንዴ?» ብዬ ብጠይቅ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ መምህሩም ፈገግ ብለው ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፉ። ጥያቄዬ በእውነት የሚያስቅ ነበርን? ደግሞስ የራሳችን ልማድ እያለን የእነርሱን ሥዕል በየትኛው ዓይን እንመልከተው?

መልስ፦ ጥያቄዎ አያስቅም። ክፍሉ የሳቀው በአንድ አገር ፊደል የሌላውን አገር ጽሕፈት ለማንበብ ሲሞክሩ ስለሰማ ይሆናል፤ ነገር ግን ሥዕል ፊደል እንዳለው፣ የአንድ ሰው ፊት ወዴት እንደ ዞረም መጠየቅ እንደሚገባ በዚያ ክፍል ውስጥ የታየው ለእርስዎ ነው።

ስለ እኛ ልማድ የጻፉት ትክክል ነው። በነባሩ የቤተ ክርስቲያናችን አሣሣል ጻድቁ ፊት ለፊት ወይም ጥቂት ዞር ብሎ በሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ሰይጣንና የጻድቃን አሳዳጆች ግን በጎን ይሳላሉ። በመጨረሻው እራት ሥዕል አሥራ አንዱ ሐዋርያት በሁለት ዓይን እያዩን አሥራ ሁለተኛውን ለመለየት ስሙን ማንበብ አያስፈልገንም። ምእመኑ በሥዕሉ ፊት ቆሞ ሲጸልይ ዓይን ለዓይን ሊገናኝ የሚገባው ከጻድቁ ጋር እንጂ ከክፉው ጋር አይደለምና ነው። ይህ ግን የእኛ ሥዕል ሰዋስው ነው። ኢጣሊያዊው ጆቶ በ1305 ግድም በፓዶቫ ከተማ በአንድ የጸሎት ቤት ግድግዳ ላይ፣ ይሁዳ ጌታን ስሞ አሳልፎ ሲሰጠው የሚያሳይ ሥዕል ሠርቷል። በዚያ ሥዕል በጎን የተሳለው ይሁዳ ብቻ አይደለም፤ ጌታም በጎን ተስሎ፣ ሁለቱ አፍንጫ ለአፍንጫ ሊነካኩ እስኪቃረቡ ድረስ ይተያያሉ። ይህንን ለአንድ የጎንደር ሠዓሊ ቢያሳዩት ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም።

ታዲያ የኢጣሊያ መሳፍንት በጎን መሳልን ከየት አመጡት ቢሉ፣ ከሳንቲም ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለጸጎችና ምሁራን የጥንቷን ሮም ሳንቲሞች እንደ ብርቅ ይሰበስቡ ነበር፤ በእነዚያ ሳንቲሞች ላይ ደግሞ ቄሣሮቹ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ በጎን የተቀረጹ ናቸው። አንድ አነስተኛ ከተማ የሚገዛ መስፍን በጎን ሲሳል «እኔም ከቄሣሮቹ ተርታ ነኝ» ማለቱ ነበር። ሠዓሊው ፒዛኔሎ በ1438 ግድም፣ የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ 8ኛ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ወደ ፌራራ በመጡ ጊዜ፣ ከፊት የሾለውን ትልቅ ባርኔጣቸውን እንደ ደፉ በጎን የሚያሳይ የነሐስ ሜዳልያ ሠራላቸው፤ ከዚያም ወዲህ ሜዳልያ ማሠራት የመሳፍንቱ ሁሉ ፋሽን ሆነ። (ይኸው ጉባኤ ወደ ፍሎረንስ ከተዛወረ በኋላ በ1441 ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እዚያው ደርሰው ነበር። ፊላሬቴ የተባለው ቀራፂ ለሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በሠራው የነሐስ በር ላይም ተቀርጸዋል። የሬኔሳንስ ሥዕል ታሪክ ሲነገር እኛ ጨርሶ ያልነበርንበት እየመሰለ ስለሚነገር ነው ይህን ማንሣቴ።)

በጎን የተቀረጸ መልክ ከቤትዎ የጠፋ እንዳይመስልዎ። አያትዎ ወይም የአያትዎ እናት ከአንገታቸው ያንጠለጠሉት የማሪያ ትሬዛ ብር ካለ እስኪ ያውጡትና ይዩት። የኦስትሪያዋ ንግሥት ወደ ቀኝ ዞራ አንድ ዓይኗ ብቻ ይታያል፤ በላዩ ያለው 1780 የሞተችበት ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷል። ምኒልክም የራሳቸውን ብር ሲያስቀርጹ ዘውዳቸውን ደፍተው በጎን ነው የታዩት። ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ፣ ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ የአክሱም የወርቅ ሳንቲሞች ንጉሡን በጎን ያሳያሉ። ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በሳንቲሙ ላይ መስቀል አስገባ እንጂ ፊቱን ወደ እኛ አላዞረም። ስለዚህ በእኛው ምድር እንኳ አንድ ዓይን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የክፋት ምልክት፣ በወርቅ ላይ ግን የንግሥና ምልክት ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ሥዕሉ የተሠራበት አገልግሎት ነው።

አሁን መምህርዎ ሳያሳዩዎት አይቀሩም የምለውን አንዱን ሥዕል ቀረብ ብለን እንመልከት። የኡርቢኖው ገዥ ፌዴሪኮ ዳ ሞንቴፌልትሮና ባለቤቱ ባቲስታ ስፎርዛ፣ ፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካ ከ1473 እስከ 1475 ባለው ጊዜ ግድም በሁለት የእንጨት ገበታዎች ላይ የሳላቸው፣ ዛሬ በፍሎረንስ በኡፊዚ ሙዚየም ይገኛሉ። እያንዳንዱ ገበታ 47 በ33 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሁለት ኤ4 ወረቀቶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ከሚሸፍኑት ጥቂት ቢበልጥ ነው። ባልና ሚስቱ ፊት ለፊት ተፋጠው ይተያያሉ እንጂ እኛን አያዩንም። ፌዴሪኮ ቀይ ልብስ ለብሶ ቀይ ቆብ ደፍቷል፤ በጉንጩ ላይ ማርያም የሳመችው የሚባለው ዓይነት ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ተቆጥረው ተስለዋል፤ የአፍንጫው መነሻ ግን በዓይኖቹ መካከል በመሮ የተመታ ይመስል ጎድጉዷል። ሰውየው ወታደር ነበር፤ እኛ ጉግስ ከምንለው ጋር በሚቀራረብ የፈረስ ግጥሚያ ላይ ቀኝ ዓይኑን አጥቷል። ሠዓሊው ያሳየን ደህናውን ግራ ጎኑን ነው።

እንግዲህ ክፍሉ የሳቀበት ጥያቄዎ እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይሆናል። በጎን መሳል የቄሣርነትን ማዕረግ ሰጠው፤ የጠፋውንም ዓይን ሸሸገለት። ነገር ግን አፍንጫውን አልጠገነለትም፣ ጉንጩንም አላጸዳለትም። የፒዬሮ ትልቅነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው፤ የሚሸሸገውን ሸሽጎ የቀረውን ሳይራራ ይነግረናል። ባቲስታ ደግሞ እንደ ወረቀት ነጥታለች፤ ግንባሯ በዘመኑ ፋሽን ከፊት ያለው ጸጉር ተነቅሎ እጅግ ሰፍቷል። በ1472፣ ወንድ ልጅ በወለደች በጥቂት ወራት ውስጥ ስለ ሞተች ንጣቷን የሞት ንጣት አድርገው የሚተረጉሙ አሉ። እኔ በቆዳ ቀለም ብቻ ሞትን መመስከር ያስቸግረኛል፤ ከገበታዎቹ ጀርባ ያለው ጽሑፍ ግን የተሻለ ምስክር ነው። በላቲን የተጻፈው ውዳሴ ለባልየው በአሁን ጊዜ ግሥ፣ ለሚስትየው በኃላፊ ጊዜ ግሥ ይናገራል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመለስ፣ የእነርሱን ፖርትሬት ከቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጋር ማወዳደር ቢፈልጉ ከይሁዳ ጋር ሳይሆን ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር ያወዳድሩት። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት ላይ ባለው ናርጋ ሥላሴ እቴጌይቱ በእመቤታችንና በልጇ እግር ሥር ተደፍተው ተስለዋል። ይህ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ፣ በሕይወት የነበረን ሰው የሚያሳይ ሥዕል ነው፤ ነገር ግን ዋናው ነገር መደፋታቸው እንጂ መልካቸው አይደለም። ከዚህ ጎን ያን ቫን አይክ በ1435 ግድም የሳለውን የቡርጎኝ መስፍን ዋና ሹም፣ ኒኮላ ሮሌንን ያስቀምጡ። ሮሌን ተንበርክኳል፤ ሆኖም በቁመት ከእመቤታችን አያንስም፣ መሐል የሚያማልደው ቅዱስ የለም፣ የፊቱም ሽብሽብ ሁሉ ተቆጥሯል። ሁለቱም ለጸሎት የተሳሉ ለጋሾች ናቸው። አንደኛዋ ትሕትናቸውን፣ ሁለተኛው ማንነቱን ለታሪክ አስመዝግበዋል።

ሌላው ትልቅ ልዩነት ስም ነው። በእኛ ብራናዎች ከሥዕሉ በላይ «ሥዕለ» ብሎ የሚጀምር ጽሕፈት አለ፤ ቅዱሱ የሚታወቀው በፊቱ አጥንት ሳይሆን በተጻፈው ስምና በያዘው ምልክት ነው። በሬኔሳንስ ዘመን ፊት ራሱ ስም መሆን ጀመረ፤ ይሁን እንጂ ሙሉ በሙሉ አልሆነም። ፓኦሎ ጆቪዮ የተባለ ጳጳስና የታሪክ ጸሐፊ በኮሞ ሐይቅ ዳር ባለው ቤቱ የዝነኛ ሰዎችን ሥዕሎች ሰብስቦ ነበር፤ የፍሎረንሱ ኮዚሞ ዴ ሜዲቺ ደግሞ ከ1552 ጀምሮ ሠዓሊውን ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞን ልኮ ያስገለብጣቸው ጀመር። ከተገለበጡት መካከል የእኛው ዐፄ ልብነ ድንግል ይገኙበታል፤ ዛሬም በኡፊዚ ናቸው። ሠዓሊው ንጉሡን በዓይኑ አላየም፤ ከሥዕል ነው የገለበጠው። እዚያ ሥዕል ላይ ልብነ ድንግልን ልብነ ድንግል ያደረጋቸው የተጻፈው ስማቸው ነው፤ በዚህ ረገድ የፍሎረንሱ ሥዕል ከእኛ ብራና ብዙም አልራቀም።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ፎቶ ቤት ከከፈትኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በምረቃ ሰሞን ጋዋን ለብሶ የሚመጣውን ሁሉ «ትከሻህን ወደ መስኮቱ፣ ፊትህን ወደ እኔ» እያልኩ አነሣለሁ፤ ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ እንዲህ ያደርጉ ስለነበር ነው እንጂ ምክንያቱን ጠይቄ አላውቅም። ሰሞኑን ልጄ በስልኳ ያሳየችኝ የድሮ ፈረንጆች ሥዕሎችም እንደዚሁ የተቀመጡ ናቸው። ይህ አቀማመጥ ከእነርሱ የመጣ ነው? ደግሞስ እኔ ደንበኛውን ሁሉ «ሳቅ በል» እያልኩ፣ እነዚያ አንዳቸውም የማይስቁት ለምንድን ነው?

መልስ፦ አዎን፣ ከእነርሱ ነው። የጋሼዎ ጋሼ ከማን እንደ ተማሩ ወደ ኋላ ቢቆጠር፣ የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፎቶግራፍ አንሺዎች ጋ ይደርሳል፤ እነዚያ ደግሞ ደንበኛን ማስቀመጥ የተማሩት ከሠዓሊዎች ነው። ኢጣሊያውያን ገና በጎን ሲስሉ፣ በሰሜን በኩል ዛሬ ቤልጂየም በምንለው አገር የነበሩት ሠዓሊዎች ሰውን ሩብ ያህል አዙረው ሁለቱንም ዓይኖች ማሳየት ጀምረው ነበር። ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ ጋለሪ ያለውን፣ ያን ቫን አይክ የሳለውን ባለ ቀይ ጥምጥም ሰው ልጅዎ ፈልጋ ታሳይዎት። ትከሻው ወደ ጎን፣ ዓይኖቹ ወደ እርስዎ ናቸው፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ገብቶ አንደኛውን ጉንጩን በጥላ ያስቀረዋል፤ የዓይኑ ነጭ ውስጥ ደም ሥሮች ይታያሉ። በክፈፉ ላይ ኦክቶበር 21 ቀን 1433 የሚል ቀንና «እንደ ችሎታዬ» የሚል መፈክር ተጽፏል፤ ሠዓሊው ራሱን የሳለበት ነው የሚሉም ብዙ ናቸው። እርስዎ በመስኮትዎ የሚያደርጉትን ነው ያደረገው።

ይህን ሊያደርግ ያስቻለው ተልባ ነው። በእንቁላል አስኳል የተለወሰ ቀለም ቶሎ ስለሚደርቅ ብርሃንና ጥላን ማዋሐድ ያስቸግራል፤ የተልባ ዘይት ግን ቀስ ብሎ ስለሚደርቅና በስሱ ሲቀባ ከሥር ያለውን ስለሚያሳይ፣ ጥላው ከጉንጩ ላይ ሳይቆረጥ እየሳሳ እንዲሄድ ያደርጋል። ሲሲሊያዊው አንቶኔሎ ዳ ሜሲና ይህንኑ አሣሣል በሚገባ ተክኖ በ1475 እና በ1476 በቬኒስ ሠርቷል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1503 የጀመራት ሞና ሊዛም ያው ትከሻዋ ወደ ጎን፣ ፊቷ ወደ እኛ ነው፤ በተጨማሪ እጆቿን አነባብሮ ከታች አሳየን። ምሩቃኑ ዲፕሎማቸውን የሚይዙበት ቦታ ማለት ነው።

ስለ ሳቅ ያነሡትን በአጭሩ ልመልስ። ለሥዕል የሚቀመጥ ሰው በተደጋጋሚ ለረጅም ሰዓት ይቀመጣል፤ ሳቅን ያን ያህል ጊዜ ፊት ላይ ማቆየት አይቻልም። ከዚህም በላይ በዘመኑ የጨዋነት ሥርዓት ጥርስ አሳይቶ መሳቅ የሕፃንና የሰካራም ነበር። የራሳችንን አያቶች የቆየ ፎቶግራፍ ቢያወጡ ጥርሱን ያሳየ ሽማግሌ ያገኛሉ ብዬ አልገምትም። ሞና ሊዛ ፈገግ ማለቷ ግን ሰምና ወርቅ አለው፤ የባሏ የቤተሰብ ስም ጆኮንዶ በኢጣሊያንኛ «ፍሥሐ» እንደ ማለት ነው። የአቶ ፍሥሐ ባለቤት ባትስቅም ፈገግ ልትል ይገባታል።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ። ለመታወቂያና ለፓስፖርት የሚያነሡት ጉርድ ፎቶ ፊት ለፊት፣ ሁለቱ ጆሮዎች የሚታዩበት ነው። ለእኛ ከዚህ የበለጠ ተራ ነገር የለም። ጀርመናዊው አልብሬክት ዱረር ግን በ1500፣ በ28 ዓመቱ ራሱን እንዲህ ፊት ለፊት፣ ረጅም ጸጉሩን በትከሻው ላይ ለቅቆ፣ እጁንም ደረቱ ላይ አድርጎ ሲስል እጅግ ደፋር ሥራ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ መታየት የጌታ ሥዕል አሣሣል ነበርና። ዛሬ ያ አቀማመጥ የማንኛውም ባለ መታወቂያ ሆኗል።

ጥያቄ፦ እኛ ሦስት ተማሪዎች ስንሆን የሁለት የሬኔሳንስ ፖርትሬቶችን ንጽጽር በአምስት ገጽ ጽፈን እንድናስገባ ታዝዘናል። ከኢንተርኔት ያገኘናቸው ጽሑፎች ውሻው ታማኝነት፣ ሻማው የእግዚአብሔር ዓይን፣ ፍሬው ንጽሕና እያሉ ይዘረዝራሉ፤ የክፍላችን ልጆችም ይህንኑ ዝርዝር እየገለበጡ ነው። ዝርዝሩ ልክ ነው? የትኞቹን ሁለት ሥዕሎች ብንመርጥ ይሻላል? ሥዕሎቹን በስልክ ብቻ ስላየናቸው መጻፍ እንችላለን?

መልስ፦ ዝርዝሩን ተዉት። ሁሉም ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ዕቃ በየሥዕሉ አንድ ትርጉም ብቻ አለው ብሎ መነሣት ዓይንን ያሰንፋል። ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። ተማሪ ሳለሁ ስለ ቫን አይክ የ1434 ሥዕል፣ የአርኖልፊኒ ባልና ሚስት ስለሚባለው፣ ሙሉ ገጽ የጻፍኩት ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ናት በሚል ነበር። የክርስትና ተስፋ፣ የዘር በረከት፣ የማላመጣው ነገር አልነበረም። መምህሬ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉበት፦ «ቀሚሷን በእጇ ይዛ እንደ ሆነስ?» ተመልሼ ሳይ፣ በእርግጥም ያን ሁሉ ሜትር ከባድ ጨርቅ ሰብስባ በእጇ ሆዷ ላይ አንሥታዋለች። ቫን አይክ ራሱ ድንግሊቱን ቅድስት ካትሪናን ሲስል በዚሁ ዓይነት ልብስና በዚሁ ዓይነት ቁመና እንደ ሳላት ያወቅኩት ኋላ ነው። ያችን ገጽ እስካሁን አስቀምጫታለሁ።

በዚያው ሥዕል ላይ ማየት የሚያዋጣው ሌላ ነገር አለ። ከባልና ሚስቱ ጀርባ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ክብ መስታወት የሁለቱን ጀርባና በበሩ በኩል የገቡ ሌሎች ሁለት ሰዎችን ያሳያል፤ በመስታወቱ ዙሪያ የጥፍር ያህል ስፋት ያላቸው አሥር ክቦች አሉ፣ በውስጣቸውም ሕማማተ መስቀሉ ተስሏል። ከመስታወቱ በላይ በግድግዳው ላይ «ያን ቫን አይክ እዚህ ነበር፣ 1434» ተብሎ ተጽፏል። ሠዓሊው «ሠራው» ሳይሆን «እዚህ ነበር» ማለቱ ከየትኛውም የትርጉም ዝርዝር በላይ የሚያነጋግር ነው።

ለንጽጽራችሁ ሁለት የፍሎረንስ ሴቶችን እንድትመርጡ እመክራለሁ፦ ሊዮናርዶ ከ1474 እስከ 1478 ባለው ጊዜ ግድም የሳላትን ጂኔቭራ ዴ ቤንቺንና ዶሜኒኮ ጊርላንዳዮ የሳላትን ጆቫና ቶርናቧኒን። የመጀመሪያዋ በዋሽንግተን፣ ሁለተኛዋ በማድሪድ ይገኛሉ። ይህን ጥንድ የመረጥኩት ብዙ መጻሕፍት የሚያስተምሩትን ቀጥ ያለ ታሪክ ስለሚያፈርስ ነው። በመጻሕፍቱ መሠረት መጀመሪያ የጎን ሥዕል ነበረ፣ ከዚያ ሠዓሊዎች ሠለጠኑና ፊትን አዞሩ። ነገር ግን በአንድ ከተማ ውስጥ ጂኔቭራ ቀድማ ወደ እኛ ዞራለች፤ ጆቫና ከአሥር ዓመት በኋላ በጎን ተስላለች። ጊርላንዳዮ ማዞር አቅቶት እንዳይመስላችሁ፤ ይችል ነበር። በሥዕሉ ላይ በሮማውያን ቁጥር የተጻፈው 1488 ጆቫና በ19 ዓመቷ ሁለተኛ ልጇን እንደ ፀነሰች የሞተችበት ዓመት ነው። ለሟች መታሰቢያ እንደ ሜዳልያ በጎን መሳል ይገባ ነበር፤ አንገቷ ቀጥ ብሎ፣ ወርቀ ዘቦ ልብሷን እንደ ለበሰች፣ ማንንም ሳታይ ቆማለች። ከኋላዋ በመደርደሪያው ላይ የጸሎት መጽሐፏና ቀይ የዛጎል መቁጠሪያ ይታያሉ፤ ከመቁጠሪያው ሥር አንዲት ቁራጭ ወረቀት ተለጥፋለች። በላቲን የተጻፈባት ቃል በእኛ ቋንቋ «ጥበብ ሆይ፣ ጠባይንና ነፍስን መሳል ብትችዪ ኖሮ፣ በምድር ላይ ከዚህ የተዋበ ሥዕል ባልተገኘ ነበር» እንደ ማለት ነው። ሠዓሊው በራሱ ሥዕል ላይ የሥዕልን አቅም ወሰን ጻፈበት።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ ግዕዝ የቀመሰ ካለ መልክእን ያስታውስ። በመልክአ ማርያም ወይም በመልክአ ኢየሱስ ደራሲው ከራስ ጸጉር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር ድረስ ለእያንዳንዱ አካል ሰላምታ ያቀርባል፤ ዓይኑን አመስግኖ ስለ ዓይኑ ቅርጽ ግን አንድም ቃል አይነግረንም፤ የሚነግረን ያ ዓይን ስላደረገው ነው። ጊርላንዳዮ ሥዕል አይደርስበትም ያለውን የነፍስ ነገር የእኛ ደራስያን በቃል ሞክረውታል። መምህራችሁ ቢፈቅዱ አንድ አንቀጽ ብትሰጡት አይከፋኝም።

ስለ ጂኔቭራ ስትጽፉ ከኋላዋ ያለውን ጥቁር አረንጓዴ ዛፍ አትለፉት። ዛፉ በየደብሩ ቅጥር ከምናውቀው የሐበሻ ጥድ ጋር አንድ ወገን ነው፤ በኢጣሊያንኛ ጂኔፕሮ ይባላል። ጂኔቭራና ጂኔፕሮ፤ የኅብር ቃል ለለመደ ጆሮ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በገበታው ጀርባም የጥዱ ቅርንጫፍ በሁለት ሌሎች ቅርንጫፎች ታቅፎ ተስሏል፤ ተጠቅልሎ በታየው ጥብጣብ ላይ «ውበት ምግባርን ታስጌጣለች» የሚል የላቲን ቃል አለ። ምልክት ማለት እንዲህ ነው፤ ሥዕሉ ራሱ ሲመሰክር ትርጉሙን ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም።

በስልክ ማየትን በተመለከተ፣ መጻፍ ትችላላችሁ፤ እዚህ አገር ብዙዎቻችን የተማርነው ከደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ነው። ስልክ የሚያታልላችሁ በመጠን ነው፤ ሁሉንም ሥዕል በመዳፍ ልክ ያደርገዋል። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት አሮጌ ጋዜጣ አገጣጥማችሁ አንዱን 77 በ49፣ ሌላውን 38 በ37 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡና በምታድሩበት ክፍል ግድግዳ ላይ በዓይናችሁ ትክክል ለጥፏቸው። ጆቫና ከወገቧ በላይ ሙሉ ሆና ስትቆም፣ ጂኔቭራ ምን ያህል ጠባብ ቦታ ላይ እንደ ተጨናነቀች ታያላችሁ። የጂኔቭራ ገበታ ባልታወቀ ጊዜ ከታች ተቆርጧል፤ በተቆረጠው ክፍል እጆቿ ነበሩበት ተብሎ ይታመናል። ወረቀቷን ስትለጥፉ ከሥሯ ለእጆቿ የሚሆን ባዶ ቦታ ተዉላት።